እንቅልፍ ያስተማረችኝ ሴት

እንቅልፍ እንዴት እንደሚመጣ የሚመክር ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሻይ ተዉ፣ ስልክ አርቁ፣ እግር ታጠቡ ይላሉ። እኔ ይሄን ሁሉ ኩዌት፣ ባያን በሚባል ሰፈር፣ ከአንዲት የወሎ ሴት ተምሬዋለሁ። ምክሩ ልክ ነው፣ ይሠራል። ይቅር ያላልኩት መካሪዋን ነው።

የኮሮናው ዓመት ነው። ከተማው ተዘግቷል፣ አውሮፕላን ቆሟል። እኔ ቪላውን አፀዳለሁ፣ እሷ ምግብ ታበስላለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነበር የምላት። ሰገነቱ ላይ ባለችው ክፍላችን በአልጋዎቻችን መካከል አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ አማትባለሁ፤ የአንድ አገር ልጆች ነንና ማናችንም ጉዳያችን አላልነውም። እናቴ ከተማ የወጣች ቀን በስልክ "ልጄን አደራ" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ረመዳን ሲገባ ሌሊቱ ቀን ሆነ። ቢሮ የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሲበላና ሲንጫጫ ያነጋል። እኛም ከጾሙ በፊት የሚበሉትን ሰሁር አቅርበን፣ ዕቃ አጥበን፣ የበር እጀታውን ሁሉ በበረኪና ወልውለን፣ ጎናችንን የምናሳርፈው ፀሐይ ስትወጣ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ መተንፈስ አቅቷት ደሴ ሆስፒታል ገብታለች፤ አብሯት ያለው ወንድሜ ነው። ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንኩ። በአራተኛው የማዳምን ቀሚስ በካውያ አቃጠልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?" አለችኝ እትዬ። "አንቺም ከወደቅሽ ማን ሊያነሳሽ ነው?"

ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን ያዘችኝ። ጥቁር አባያዋን መስኮቱ ላይ ሰቅላ ብርሃኑን ጋረደችው። በሰሁር ሰዓት የምጠጣትን ሻይ ከእጄ ነጠቀችኝ። የሰገነቱ ታንከር ውሃ በፀሐይ ስለሚፈላ፣ ከማቀዝቀዣ ውሃ አምጥታ እግሬን አስታጠበችኝ። "በቀኝ ጎንሽ ተኚ፤ የእኛ የእስላሞቹ ነው ብለሽ አትፍሪ፣ አይጎዳሽም" ብላ አሳቀችኝ። በመጨረሻ እጇን ዘረጋች።

"ስልኩን አምጪ። እኔ ነቅቼ እቆያለሁ። ከተደወለ ወላሂ እቀሰቅስሻለሁ።"

ሰጠኋት። በእመቤቴ፣ እንደዚያ ቀን ተኝቼ አላውቅም። ቀትር አልፎ ስነቃ ሰውነቴ ቅልል ብሎኛል። "ተደወለ?" ብላት "ማንም አልደወለም" አለችኝ። አገላብጬ ሳምኳት።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ እናቴ ተሽሏት ወደ ገጠር ቤቷ መመለሷን ነገረኝ። እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ድምጿን ቀድቶ፣ ከተማ ሲወጣ ይልክልኛል። "ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ትላለች። እሷን እሰማለሁ፣ ስልኩን ለእትዬ እሰጣለሁ፣ ጥቅልል ብዬ እተኛለሁ። ረመዳን አለፈ፣ ሰኔም አለፈ። ማዳም ሳትቀር ፊትሽ በራ አለችኝ።

ሐምሌ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ልብስ እየተኮስኩ አዲስ የመጣውን ድምፅ ከፈትኩ። "ልጄ፣ እኛ ደህና ነን። ጤፉ አውድማ ላይ ነው፤ ዝናብ እንዳይመታብን ነው የምንፀልየው" ትላለች እናቴ።

ሐምሌ ውስጥ ምን አውድማ አለ? የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! በሐምሌ ጤፍ ይዘራል እንጂ ይወቃል? ደግሜ ሰማሁት። ካውያውን ነቅዬ ወደ ወጥ ቤት ወረድኩ።

እትዬ ሩዝ በወይን ቅጠል ትጠቀልል ነበር። ስልኩን አጠገቧ አስቀምጬ ድምፁን ከፈትኩላት። እጇ ቆመ።

"እናቴ የታለች?" አልኳት።

"አላህ ይዘንላት" አለች፣ ቀና ሳትል።

ጮህኩ። ማዳም ማስኳን አጥልቃ መጥታ ከበሩ ላይ አየችንና ተመለሰች። እትዬ እያለቀሰች ነገረችኝ። ከወንድሜ ጋር መክረው ነው የደበቁኝ። ድምፆቹ ወንድሜ በታኅሣሥ ለእኔ ቀድቶ ሳይልካቸው የቀሩ ናቸው።

"መርዶ ለብቻዋ ላለች ሰው ይነገራል? በሰው አገር፣ በር ተዘግቶብሽ፣ ማን ደግፎ ይይዝሻል? መንገዱ ተከፍቶ ሰው እስኪሰበሰብ ብዬ ነው።"

"አንቺስ ሰው አይደለሽም?" አልኳት። "አጠገቤ አይደለም እንዴ የምትተኚው?"

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔን የጣለኝ ተኝቼ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን መርዶ መደበቅ ወጋችን ነው፤ እኔም እዚያው ኩዌት፣ ፊንጣስ ሰፈር ትሠራ ለነበረች ልጅ የአባቷን ሞት ወር ሙሉ ደብቄያታለሁ። ይሄንንም እያረረኝ ቢሆን በዋጥኩት ነበር።

እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ። "መቼ ነው?" አልኩት። መጀመሪያ የተኛሁበትን ቀን ነገረኝ። "ደውዬልሽ ነበር እኮ" አለኝ። "ድምጿን አሰሙኝ ብላ ለመነችኝ። እትዬ ናት ያነሳችው።"

ዞር ብዬ አየኋት።

"ገና እንቅልፍ ሸለብ አድርጎሽ ነበር" አለች። "በስንት ቀንሽ! እንደምትሞት ምን አውቄ? ስትነሺ ትደውያለሽ ብዬ ነው። ሳትነሺ ግን ነገሩ አለቀ።" ከዚያ እጄን ልትይዝ ሞከረች። "እናትሽን አናግሬያታለሁ። ተኝታለች ስላት፣ 'ተዪያት፣ ደክሟት ነው፣ ትተኛ' አለችኝ። በአላህ እምላለሁ።"

እናቴ እንዲህ ብላ ይሆናል። እንዲህ የምትል ሴት ነበረች። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጎላት ነርስ ሊጠራ ሮጦ ነበርና አልሰማም። የእናቴን የመጨረሻ ቃል የሰማችው እትዬ ብቻ ናት፤ እኔ ደግሞ እትዬን አላምናትም።