ከእሑድ በፊት የተሰጠ ቦታ

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚቀጥለውን ዓመት የጉዞ ዕቅድ እያሰናዳሁ ሳለ አሰልጣኙ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሌላ ጊዜ ያንኳኳል።

"ስሟ ፖርታል ውስጥ ገብቷል" አለኝ።

የማን ብዬ አልጠየቅሁም። ከፊቱ አወቅሁ።

ፖርታል ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት ነው። የአንዲት ልጅ ስም እዚያ ከገባ የፈለገ ቡድን ሊያነጋግራት ይችላል፤ የነበረችበት ቡድንም ቦታዋንና ስኮላርሺፗን ለሌላ ቢሰጥ ማንም አይከለክለውም። የገባው የፖይንት ጋርዳችን ስም ነበር። ኳስ ይዛ የምትወጣው፣ ሌሎቹን አራቱን የምታጫውተው እሷ ናት።

እኔ ዳላስ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አስተባባሪ ነኝ። እዚያው ተምሬ እዚያው ቀረሁ። ሥራዬ ብዙ መናገር አይጠይቅም፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሆቴል እይዛለሁ፣ አውቶቡስ እከራያለሁ፣ የጨዋታ ቪዲዮ እየቆራረጥኩ ለአሰልጣኙ እሰጣለሁ። አምስቱ ልጆች የገቡት አንድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያላሸነፈን አልነበረም። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ግማሾቹን ሸኝቶ የበሰሉ ተጫዋቾች ከፖርታል ይለቅም ነበር። የእኛው ግን "እነዚህን አልነካም" አለ። ሰው ሳቀበት። በሦስተኛው ዓመት ሊጉን አሸነፍን።

የቪዲዮውን ፍጥነት ቀንሼ ሳየው ፖይንት ጋርዷ ኳሱን የምትለቀው ማንም ወደሌለበት ነው። ተሳሳተች ትላላችሁ። ከዚያ አንዷ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ እዚያው ትደርሳለች። ይህ በአንድ ክረምት ልምምድ አይመጣም። አብረው የሚጫወቱበት አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

"አባቷ ነው ያስገባት" አለ አሰልጣኙ። "ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ደውሎለታል። ቤቱ እንሂድ። አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ።"

አባቷ የወሎ ሰው ናቸው። በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። እንግሊዝኛው አያቅታቸውም፤ የልጅ ጉዳይ ግን በአማርኛ ካልሆነ አይሆንልኝም ይላሉ። ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ያለው ቤታቸው ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን፤ የሌሊት ፈረቃ ነበራቸው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። እናትየው ሳምቡሳና ሻይ አቀረቡ።

አባትየው አሰልጣኙን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ሽማግሌው እሱ ነው? ጺም እንኳ የለው!"

"ምን አለ?" አለኝ አሰልጣኙ።

"እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚሉት" አልኩት።

ልጅቷ ከወጥ ቤት ሳቀች። "አባዬ፣ ስቶፕ! ልትድረኝ ነው እንዴ?"

"አንቺ ዝም በይ፣ ገና አልተጠየቅሽም!" አሏት፤ እሳቸውም ሳቁ።

አሰልጣኙ ጥሩ ተናገረ። ልጅቷን በአሥራ ሰባት ዓመቷ እንዴት እንዳያት፣ ሁሉም በተሸነፉ ጊዜ እሷ ብቻ አንገቷን እንዳልደፋች፣ አምስቱን ሳይነጣጥል ሊያስመርቃቸው ቃል መግባቱን ነገራቸው። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ሌሎቹ በስልክ ነው የሚነዘንዙኝ" አሉ ሲጨርስ። "ቤቴ የመጣ እሱ ብቻ ነው። ወላሂ አክብሮኛል። እንግዲህ ከወንድሜ ጋር እንመካከር። እሑድ ተመለሱ፣ ኢንሻአላህ መልስ ትሰማላችሁ።"

ተረጎምኩለት። የአሰልጣኙ ፊት ጨለመ።

ስንወጣ አባትየው ወደ ኋላ አስቀሩኝ። "እሑድ አንድ ትልቅ ሰው ጨምራችሁ ኑ። ምሳ እዚህ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። እናትየው የተረፈውን ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልለው "በሞቴ፣ ያዢው" እያሉ እጄ ላይ ጣሉት።

መኪና ውስጥ ገና ቀበቶዬን ሳላስር ተናገርኩ።

"እምቢ አላሉም። በእኛ ወግ ልጅ ጠያቂ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም፤ ልጁን ያራከሰ ይመስላል። ተመለሱ ያሉት ሊሰጡ ስለፈለጉ ነው። ምሳም ጠርተውናል።"

"እሺ ብሏል?"

"አላሉም። ግን ይላሉ።"

መኪናውን ሳያስነሳ መሪውን ያዘ። ከዚያ ያላወቅሁትን ነገረኝ። ፖርታል ውስጥ ያለች አንዲት ጎበዝ ጋርድ ልትመጣልን ትፈልጋለች፤ ነገ ጠዋት ግን ወደ ሌላ ቡድን ትበራለች። ዛሬ ማታ መልስ ካልሰጣት የለችም። የቀረው ስኮላርሺፕ አንድ ነው።

"ሁለቱንም ባጣስ?" አለኝ። "አራቱን ማን ያጫውታቸዋል?"

"አታጣም።"

"'ግን ይላል' ብዬ ለአለቆቼ እንዴት ልንገራቸው?"

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እጣላው ነበር።

ቤቴ እንደገባሁ አባትየው ጋ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ሲነዱ ያጠፉታል። ለልጅቷ ደወልኩላት።

"እኔማ መቆየት ነው የምፈልገው" አለችኝ። "ኮችም ያውቃል።"

"ስምሽን ራስሽ ማስወጣት ትችያለሽ። አሁን፣ ዛሬውኑ።"

"አባዬ ሳይል? ኖ ዌይ! እንግዳ ፊት 'እሑድ' ብሎ እኔ ዛሬ ላድርገው? ሶ፣ እሑድ እኮ ነው፣ አራት ቀን ነው። እሺ ይላል። እማዬ የምሳውን ሥጋ ራሱ ልትገዛ ነው።"

ስለ ሌላዋ ጋርድ ነገርኳት። "ኮች እንደዛ አያደርግም" አለችና ዘጋች።

ለአሰልጣኙ ደወልኩና "ትቆያለች" አልኩት። "ስሟን ታስወጣለች?" አለኝ። "እሑድ" አልኩት። እራት ሳልበላ ስልኬ ላይ ከእሱ አጭር መልእክት ገባ፦ ቦታው ለሌላዋ ተሰጥቷል። በጣም አዝናለሁ፤ ለቤተሰቡ ነገ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከእሱ አፍ በባዕድ ቋንቋ ከሚሰሙት እኔ ልንገራቸው ብዬ ካሮልተን ሄድኩ። አባትየው ከሥራ መግባታቸው ነበር፤ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ ገና አላወለቁም። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"ዛሬ እሑድ ነው እንዴ? ደግሞ ብቻሽን! ያ ጺም የሌለው የታለ?"

ነገርኳቸው። ያልገባቸው መስሎኝ ደገምኩት። ሰደርያውን አውልቀው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

"እሺ ልል ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ አልነገርሽውም?"

"ነግሬዋለሁ።"

"የመጣ ቀን እሺ የሚል አባት ምን ዓይነት አባት ነው?" አሉ፣ እኔን ሳይሆን ሚስታቸውን እያዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ደውዪለት። አባቷ እሺ ብሏል በይው።"

እንደማይጠቅም እያወቅሁ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አባቷ እሺ ብለዋል አልኩት በእንግሊዝኛ። አሰልጣኙ ሌላዋ ጋርድ ትናንት ማታ እንደፈረመች፣ ቃሉን ማጠፍ እንደማይችል፣ እንደሚያዝን ተናገረ። ይህንንም ተረጎምኩ። ቀና ስል ልጅቷ የልምምድ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች፤ እኔ እስክተረጉም አልጠበቀችም። ቦርሳውን ሳታወርድ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

"ቁጭ በይ፣ ቁርስ ሳትበዪ አትሄጂም" አሉኝ እናትየው።

ቁጭ አልኩ። አባትየው ስልኬን አንስተው ሰጡኝ። አሰልጣኙ አሁንም መስመሩ ላይ ነበር። ዘጋሁት።