ሽንት የሚጠየቀው አንደኛው ነው

የአጎቴን ልጅ ለምርመራ ሽንት ሲጠይቁት ቀንቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ደሴ ላይ በተደረገ የኮሌጆች ውድድር አምስት ሺህ ሜትር አንደኛ ወጥቶ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ፣ ባጅ ያንጠለጠለ ሰውዬ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው። የታሸገ ውሃ ሰጠውና በሄደበት ሁሉ ይከተለው ጀመር። ልብሱን ሊያነሳ ሲሄድ ይከተለዋል፤ ከአሠልጣኛችን ጋር ሲያወራ አጠገቡ ይቆማል። ባለሥልጣን ነበር የሚመስለው። እኔ ሁለተኛ ወጥቼ ሣሩ ላይ ተዘርሬያለሁ፤ የእኔን ሽንት የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። ውሃ የሰጠኝም ስላልነበረ ሄጄ ከቧንቧ ጠጣሁ።

ቅናቴ ግን የዚያን ቀን አልተጀመረም። የአጎቴ ልጅ ወደ ቤታችን የመጣው አባቱ ሲሞት ነው፤ ሁለታችንም ገና ትምህርት ቤት አልገባንም ነበር። ቤታችን ከከሚሴ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ማሽላ ማሳ ዳር ነው። አባቴ እጁን ይዞ ሲያስገባው፣ እናቴም ከእኔ ጎን ተነሥታ ሄዳ ስታቅፈው ትዝ ይለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም አባቴን «አባ» አለው። እኔ «አባ» ስል አባቴ የያዘውን ሥራ ጨርሶ ነው የሚዞረው። እሱ ሲል ግን ወዲያው ይዞራል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «አባት የሌለው የቲም ነው፣ አላህን ፍራ!» ትለኛለች። እፈራ ነበር። እየፈራሁም እቀና ነበር። የኢድ ልብስ ቀድሞ የሚለካው እሱ፣ አባቴ በሬ ሊሸጥ ሰንበቴ ገበያ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው እሱ። እርግጥ እኔንም አንዳንዴ ይወስደኝ ነበር፤ ቅናት ግን አንዳንዴን አይቆጥርም።

ሩጫውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ፀሐይ ሳትወጣ በደሴ መንገድ እሮጥ ነበር፤ ከሚሴ ላይ ፀሐይ ከወጣች ሩጫ የለም፣ መቀቀል ነው። እሱ «ብቻህን መኪና እንዳይገጭህ» ብሎ ነው አብሮኝ መውጣት የጀመረው። ክረምቱ ሳያልቅ ጥሎኝ መሄድ ጀመረ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጠበቁ ነበር ከሁሉ በላይ ደሜን የሚያፈላው። ሁለታችንም እዚያው ከሚሴ ኮሌጅ ስንገባ አሠልጣኙ ሁለታችንን አይቶ፣ «አንተ ሯጭ ነህ፤ አንተ ደግሞ ታታሪ ነህ» አለን። ታታሪው እኔ ነኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም።

አበረታች ቅመም ስለሚባለው ነገር በደንብ የሰማነው የመጨረሻው ዓመታችን ላይ ነው። ከላይ አንድ ባለሙያ ተልኮ መጣና የኮሌጁን ስፖርተኞች በሙሉ አዳራሽ ሰበሰቡን። መርፌ፣ እንክብል፣ የጡንቻ ዱቄት እያለ በፕሮጀክተር አሳየን። እኛ እንኳን የጡንቻ ዱቄት የገብስ በሶም በወጉ አናገኝም፤ ስለዚህ አፋችንን ከልለን በጨዋነት እናዛጋለን። ባለሙያው ቀጠለና «በውድድር ጊዜ ጫትም ክልክል ነው፤ በውስጡ ያለው ነገር ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ እንደ አበረታች ይቆጠራል» አለ። ያን ጊዜ አዳራሹ ነቃ፤ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከሚሴ መጥቶ ጫት ክልክል ነው ማለት፣ ባቲ ገበያ መሐል ቆሞ ግመል ክልክል ነው እንደማለት ነው።

አንድ የመረብ ኳስ ተጫዋች እጁን አወጣ። «ትናንት የቃመ ሰው ዛሬ ቢወዳደርስ?»

«ሽንቱ ይናገርበታል።»

«በወዳጅ ዘመድ ጀባ ቢባልስ? እንቢ ማለት ነውር ነው እኮ!»

«ማንም ይስጥህ ማን፣ ወደ አፍህ ለገባው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ» አለ ባለሙያው።

«ሁላችንንም ነው የምትመረምሩት?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

«አንደኛ የወጣው ይመረመራል። ከሌሎቹም እንደ ሁኔታው ሊጠራ ይችላል።»

ከመልሱ የእኔ ጆሮ የወሰደው የፊተኛውን ግማሽ ነው። የአጎቴ ልጅ ግን ሙሉውን ነበር የሚያዳምጠው። እሱ ሁሉን ነገር የቁርአን ቂርአት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጸጥ ብሎ ነው የሚያዳምጠው።

በዚያ ዓመት ውድድር ላይ አንድ ትልቅ ነገር ነበር። የአዲስ አበባ አንድ ክለብ ሰው ልኮ በአምስት ሺህ አንደኛ የሚወጣውን እንደሚወስድ ተነገረን። ካምፕ፣ ደመወዝ፣ ጫማ፣ ሁሉ ነገር። የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔና እሱ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እየተኛን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላወራንም።

ለውድድሩ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወዳጃ ጠራ። ወዳጃ እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጫት እየቃሙ ዱዓ የሚያደርጉበት ነው። ለዝናብም፣ ለታመመም፣ ለመንገደኛም ይደረጋል። የአባቴ ዱዓ ይሰማል ይባላል፤ ሰው ከሩቅ ይመጣለታል። ዱዓው ሲያበቃ ከፊቱ ካለው ጫት ለስላሳዋን ቀንበጥ መርጦ ለአንድ ሰው ጀባ ይላል። የዕለቱ በረካ ከእጁ ወደዚያ ሰው ይሄዳል ብለን ነው ያደግነው።

ሁለታችንም በሩ አጠገብ ተቀምጠን አሚን እንላለን። አባቴ ዱዓውን ያደረገው ለሁለታችንም ነው፤ «ልጆቼን» ነው ያለው። ቀንበጧ ግን አንዲት ናት። ጣቶቹ እየመረጡ ቆዩ። በዚያች ቅጽበት ክለቡን ረስቼዋለሁ፤ የምፈልገው ያችን ቀንበጥ ብቻ ነበር።

«ኮቱ፣ ኢልመ ኮ» አለ። ና ልጄ ማለቱ ነው። ሁለታችንም ቀና አልን፤ የሚያየው እሱን ነው።

የአጎቴ ልጅ ሄዶ እጁን ሳመና ቀንበጧን በሁለት እጁ ተቀበለ። አፉ ውስጥ ግን አላስገባትም። «አባ፣ ዱዓዎ ይበቃኛል» አለ። «ጫቱን ለነገው ሩጫ ከልክለውናል። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የወዳጃ ጫት እንቢ ሲባል አይተው አያውቁም። አባቴ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ተስፋም አደረግሁ። እሱ ግን ጥቂት አሰብ አድርጎ «ከከለከሉህማ ይቅር። አላህ ልብህን ያያል» አለው፤ ፊቱ ላይ ኩራት አየሁ። እንቢ ብሎም ተወደደ! እኔ እንቢ ብል ኖሮ ስሜ ባለጌ ነበር የሚሆነው።

የአጎቴ ልጅ ቀንበጧን ይዞ የት እንደሚያኖራት ግራ ገብቶት ቆመ፤ ዱዓ የተደረገበት ነገር መሬት አይጣልም። ብድግ ብዬ ከእጁ ወሰድኳት። «ለእኔ ጀባ!» አልኩ። ማንም ሳይመልስልኝ አፌ ውስጥ ነበረች። አባቴ አየኝና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

ሥልጠናውን ሰምቻለሁ፤ አልሰማሁም አልልም። ግን ሽንት የሚጠየቀው አንደኛው ነው፤ እኔ ደግሞ እሱ ባለበት አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በረካውን እኔ እወስዳለሁ፣ ምርመራውን እሱ ይወስዳል። በረካው ከሠራ አንደኛ እንደምወጣ፣ አንደኛ ከወጣሁ ደግሞ እንደምጠየቅ አልታየኝም። ቅናት ከአፍንጫው አርቆ አያይም። ከዚያ ወዲያ ከሽማግሌዎቹ መሐል ገብቼ እስከ መግሪብ ሶላት ስቅም ዋልኩ፤ አንዲት ቅጠል ለእሱ እንዳትተርፍ።

እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ። በሚኒባስ ደሴ ገባን፤ ከሰዓት በኋላ ተሰለፍን። ጫቱ ነው ያስሮጠህ የሚለኝ አይጠፋም። ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ሲቆጥር ያደረ ሰው በምን ጉልበት እንደሚሮጥ እሱው ይንገረኝ። እግሬ ከብዶኝ፣ አፌ ደርቆ፣ የአጎቴን ልጅ ጀርባ እያየሁ ነው የሮጥኩት፤ ያንን ጀርባ ከራሴ እጅ በላይ አውቀዋለሁ። የመጨረሻው ዙር ላይ በግራ ትከሻው በኩል ዞር ብሎ ፈለገኝ። እንደ ልማዱ ሊጠብቀኝ ይሁን ሊሸሸኝ አላውቅም። ደሜ ፈላ። በቀኙ በኩል አለፍኩት፤ ክሩን በደረቴ በጠስኩ።

ባጅ ያንጠለጠለው ሰውዬ ወደ እኔ መጣ። ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ ምን ጉድ እንደሚጠብቀኝ ረስቼዋለሁ። የታሸገውን ውሃ ተቀብዬ የአጎቴ ልጅ እያየኝ ጠጣሁት። ልብሴን ሳነሳ ሰውየው ተከተለኝ፤ ሆን ብዬ አካሄዴን አዘገየሁ፣ ሁሉም እንዲያየን። የነቃሁት ክፍሉ ውስጥ ገብቼ «ሰሞኑን የወሰድከው ነገር አለ?» ስባል ነው። የአባቴ እጅ፣ ቀንበጧ፣ የሽማግሌዎቹ ፊት ባንድ ጊዜ መጡብኝ። «የለም» አልኩ። ሰውየው ቆሞ እያየኝ ሸናሁ። ሽንቴን ሁለት ጠርሙስ ላይ አካፍለው አሸጉት። ያን ያህል ስመኘው የኖርኩት ክብር ይኸው ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ከተማው ውስጥ ጀግና ነበርኩ። የባጃጅ ሾፌሮች በነጻ ይጭኑኛል። አባቴ «ማሻ አላህ» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ አሠልጣኙ ጠራኝና ዓይኔን ሳያይ «ጫት ተገኝቶብሃል» አለኝ። ቤት ሄጄ ለአባቴ ስነግረው ብዙ አልጠየቀኝም። የሆነውን በዓይኑ አይቶታል።

ጉዳዩን የሚያዩት ሰዎች ከሚሴ ድረስ መጥተው ኮሌጁ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። አባቴ ጥምጣሙን ጠምጥሞ ከዘራውን ይዞ አብሮኝ ገባ። የአጎቴ ልጅም በምስክርነት ተጠርቶ ነበር። ሰዎቹ እኔን መጠየቅ ሲጀምሩ አባቴ ተነሣ።

«ጫቱን በእጄ ጀባ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ልጄ ተከልክያለሁ ብሎ እንቢ ብሎኝ ነበር። ዱዓዎ ይበቃኛል አለኝ። እኔ ነኝ ያስገደድኩት። ወላሂ!»

አባቴ ገበያ ላይ እንኳን ወላሂ አይልም። በሬ ሲሸጥ የበሬውን ጉድለት ተናግሮ የሚሸጥ ሰው ነው። አፌን ልከፍት ስል ሳያየኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጫነው።

ሰዎቹ ወደ አጎቴ ልጅ ዞሩ። «አንተም ነበርክ። እንደተባለው ነው?»

አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «አባ ያሉት ነው» አለ።

መሐላውም አላዳነኝም። ወደ አፌ ለገባው ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ አዳራሹ ውስጥ ተነግሮኝ ነበር። አንደኝነቴ ተሰረዘ፣ ከውድድርም ታገድኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው፣ ሜዳሊያውም ክለቡም ለአጎቴ ልጅ ተላለፉ።

በባጃጅ ተመለስን። አባቴ መሐላችን ተቀምጧል፤ ክንዱ ትከሻዬን አቅፎ ቆይቷል። እንደዚያ ያቀፈኝን ጊዜ አላስታውስም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ የአጎቴ ልጅ «አባ» አለ። «ለእኔ ቢሆን ኖሮ ይምሉልኝ ነበር?»

አባቴ ሳቀና በሌላኛው እጁ የእሱን ጉልበት መታ መታ አደረገው። «አንተ መች ታስምላለህ፣ ኢልመ ኮ! አንተ ማንንም የምታስቸግር ልጅ አይደለህም።»

ለአባቴ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። የአጎቴ ልጅ «አልሐምዱሊላህ» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ከአባቴ ደረት ባሻገር አጮልቄ አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ ትከሻዬ ላይ ያረፈውን እጅ በጎን ዓይኑ ያያል። አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ ነው። ያንን ፊት ከልጅነቴ ጀምሮ በራሴ ላይ አውቀዋለሁ፤ እሱ ላይ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።