አንደኛ የወጣው ቡድን

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሙሉ ሆኖ የመጣ ዕቃ ያስደነግጠኛል፤ የጎደለ ከሆነ ቢያንስ ምን እንደጎደለ አውቃለሁ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ደብተርም ያስደነገጠኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ሒሳቡ ራይት፣ ቃል ጽሕፈቱ ራይት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኤክስ የለበትም። ሌላ አባት ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን «ይሄ ከየት መጣ?» አልኩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የአማርኛ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና መዳፌን ገጹ ላይ ጣል አደረግኩ። ማንበቧን አላቆመችም። መዳፌ የሸፈነውን ሁሉ አንድ ቃል ሳትስት ጨረሰችው። እጄን አንሥቼ ከመሐል አንዷን ቃል በጣቴ ነካሁና «ይሄስ?» አልኳት። ፊቷ ጭልም አለ። የስድስትን ብዜት ጠየቅኳት፤ ክፍል ውስጥ በዜማ እንደሚሉት አንበለበለችው። ስድስት ጊዜ ሰባትን ብቻ ስጠይቃት ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ተነሣች፣ መንገድ ላይም ጠፋባት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባለቤቴን ነው። «የቤት ሥራዋን አንቺ ነሽ እንዴ የምትሠሪላት?»

«ከጃጁራ ገበያ ስመለስ እግሬን የምዘረጋበት ጊዜ የለኝ» አለችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የመጋዘን ዓይንህን እዚያው ቆልፈህበት ና።»

ቀጥዬ ቋንቋውን ጠረጠርኩ። ቤት የምናወራው በሀዲይሳ ስለሆነ አማርኛው ከብዷት ይሆናል አልኩ። የሀዲይሳ መጽሐፏን ብሰጣት እዚያም ፊደሎቹ ይምታቱባታል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ እዚሁ ቤት አድጎ ሁለቱንም ጥርት አድርጎ ያነባል። ቋንቋውን በነፃ አሰናበትኩት።

የቀረችው የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን አንድ ለአምስት አደራጅቷቸዋል፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን ይዞ ያስጠናል፣ ብዙው ማርክም ለቡድኑ በጋራ ይሰጣል። የልጄን ቡድን የምትመራው እሷ ናት፣ ቡድናቸውም ሁልጊዜ አንደኛ ነው። በራቸው ላይ አገኘኋትና «ልጄ ማንበብ ትችላለች?» ስላት፣ አፌን ሳልዘጋ «ትችላለች ጋሼ» አለችኝ። እንዲህ ቶሎ የሚመጣ መልስ አልወድም።

ሌላም ያላማረኝ ነገር ነበር። ዓርብ ዓርብ ክፍሉን የሚያጸዳው የእነሱ ቡድን ነው። ልጄ አቧራ ለብሳ ትመጣለች፤ የጎረቤቴ ልጅ ግን ነጭ ካልሲዋ እንኳ አይቆሽሽም። አንድ ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩና በክፍሉ መስኮት አየሁ። ልጄ ብቻዋን ትጠርጋለች። ሌሎቹ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ዴስክ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ደሜ ፈላ። ዘው ብዬ ገባሁ።

«ልጄን ሠራተኛ አደረጋችኋት?»

መሪዋ ምንም አልደነገጠች። «እሷ ራሷ ናት ያለችው ጋሼ። እኛ መልሱን እንነግራታለን፣ እሷ ትጠርግልናለች።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። መጥረጊያውን አንቃ ይዛ መሬት መሬቱን ታያለች። ያየሁባት የተበደለ ሰው ፊት ሳይሆን እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ፊት ነው።

መምህሯን ቢሮ አገኘኋት። «ቡድናቸው እኮ አንደኛ ነው» አለችኝ።

«የቡድኑን አልጠየቅኩም። ልጄ አራተኛ ክፍል ስትገባ ምን ይዛ ነው የምትገባው?»

ተነሥታ በሩን ገፋ አደረገችው። «ለብቻዋ ብፈትናት ትወድቃለች። ከጓደኞቿ ጋር ትለፍ ብዬ ነው። ሰንፋ እንዳይመስልዎ፤ ከሁሉም የምትለፋው እሷ ናት። ፊደሉም ቁጥሩም አልያዝላት አለ እንጂ።»

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሳላውቅ የቀረሁት ሁሉን የምጠረጥረው እኔ ነኝ። ተናደድኩ፣ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ከሰኞ ጀምሮ ከቡድኑ ትወጣለች፣ ፊት ወንበር ትቀመጣለች፣ ከትምህርት በኋላ መምህሯ ከመጀመሪያው ፊደል ትጀምርላታለች። ክፍል መድገም ካለባትም ትድገም።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ከሌሞ ገጠር የመጡት ጋሪዎች ከገበያ እየተመለሱ ነበር፤ እጇን ይዤ ዳር ዳሩን አስኬድኳት። የተስማማነውን ነገርኳት።

«ሲጠሩኝስ?» አለች።

«የቻልሽውን ትመልሻለሽ።»

«ካልቻልኩ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ» አልኳት። ለእኔ ማለቱ ቀላል ነበር።

ትንሽ ሄደን ደግሞ ቆመች። «አባዬ፣ ሲጠሩኝ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ?»

ሰኞ ጠዋት መጋዘኑን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ይህንን እሷም ታውቃለች። ግን እንዲህ ስታየኝ አይሆንም የምልበት አፍ አጣሁ።

«እቀመጣለሁ» አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችው፤ መጀመሪያ ዓይኔን፣ ከዚያ አፌን።

«ውሸትህን ነው» አለችና እጇን ከእጄ አወጣች።