«ወጥቻለሁ» ሳይባል

ንግሥቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንቁላል ትደረድራለች። ቅርጫቷን በጉልበቶቿ መካከል ታቆምና መጀመሪያ የጤፍ ጭድ ትጎዘጉዝበታለች። ከዚያ እንቁላሉን አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፤ ጆሮዋ ሥር አድርጋም ቀስ ብላ ትነቀንቀዋለች። ድምፅ ከሰጠ ለብቻው ይቀመጣል። ደህናው ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ጭዱ ውስጥ ይሰካል። እጆቿ እርፍ የጨበጡ የገበሬ እጆች ይመስላሉ፤ እንቁላል ሲይዙ ግን የሌላ ሰው እጆች ይሆናሉ። በመጨረሻ ላዩን በጭድ ትሸፍንና በአሮጌ ነጠላ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለገበያው ብቻ አይደለም። በማግስቱ ቅርጫቱን አዝላ ዝንጀሮ መውጫ የሚባለውን ገደል ስለምትወጣ ነው።

መንደራችን ሸለቆ ውስጥ ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ወንዙን ተከትሎ ዞሮ ዞሮ ከቡሬው አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ጋሪ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው አቋራጩ ነው፤ ሽቅብ ይወጣና መጨረሻ ላይ ገደል ይገጥመዋል። ገደሉ ያን ያህል ረጅም አይደለም፤ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የላይኛው ጫፉን ይይዛል። ከአያቶቻችን ጀምሮ እጅና እግር ሲያሸው ስለኖረ መያዣና መርገጫው የተወለወለ ይመስላል። እያንዳንዱም ስም አለው። የመጀመሪያው መርገጫ በርጩማ ነው፤ ቀጥሎ የድመት ጆሮ አለ፤ ከመካከል እምብርት የምትባል ጎድጓዳ አለች፤ ከጫፉ ላይ ያለው መያዣ ቀንድ ይባላል።

ገደሉ ወግ ነበረው። አንዱ ወጥቶ ከላይ «ወጥቻለሁ» ሳይል ሌላው እጁን ድንጋዩ ላይ አያሳርፍም። ተራ የሚጠብቀው ፊቱን ወደ ሸለቆው አዙሮ ይቆማል፤ የሚወጣን ሰው፣ ይልቁንም ሴትን፣ ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው። ካልጠየቁህ በቀር እግርህን እዚህ አድርግ፣ እዚያ አድርግ አይባልም። አይዞህ እንኳ የሚባለው ከወጡ በኋላ ነው፤ መካከል ላይ አይዞህ ማለት ፈርተሃል ማለት ነውና።

ንግሥቴ ቀርፋፋ ናት። ይህን ስል አልሰደብኳትም፤ ራሷም ትለዋለች። ወርዷ ሰፊ ነው፤ ያዘለችውም እንቁላል ነው። እምብርት ላይ ስትደርስ አንድ እግሯን አስገብታ ታርፋለች፤ ትጸልያለች። የቅዳሜውን ውዳሴ ማርያም ከበርጩማው ጀምራ የእሑዱን ከቀንዱ ላይ ታጋምሳለች ይባልላት ነበር። እሷ እስክትወጣ ከታች ያለው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ ወሬ ይጫወታል፤ እሸትም የያዘ እሸት ይፈለፍላል። ከላይ የወጡት ደግሞ ሾላው ሥር ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ እዚያም ሌላ ወሬ አለ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዶሮዎቿ በቀር ቤቷ ውስጥ የምታነጋግረው የላትም። ማን ወለደ፣ ማን ታረቀ፣ የማን ላም ወተት ነሳች፣ ይህን ሁሉ የምትሰማው ከሾላው ሥር ነው። ገበያው ሰበብ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ገበሬው ሁሉ አንድ ለአምስት በተደራጀ ጊዜ ነው። ገነነ የሚባል ጎረምሳ ባለትዳር የአንዱ ቡድን ጠርናፊ ሆነ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጉልበታም ነው፤ ገደሉን እንደ ድመት ነው የሚወጣው። ብቻ ከተሾመ ወዲህ የአምስት ሰው ሥራ መምራቱ አልበቃው ብሎ የሰውን ሁሉ እግር መምራት ጀመረ። ፊቱን ወደ ሸለቆው ማዞር ተወ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሽቅብ እያየ ይጮሃል።

«ግራ እግር! ግራሽን! ኧረ ያ ቀኝ ነው! ቀንዱን ያዥው እንጂ ምን ታሻሽዋለሽ!»

ሌላው ሰው ዝም አለው። ጠርናፊ ነው፤ ማዳበሪያ ሲመጣ ስም የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ንግሥቴን ደግሞ ውታፍ የሚል ስም አወጣላት። ከሩቅ ሲያያት «ውታፊቱ መጣች፣ ጋኑ ተደፈነ!» ይላል። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ እያለ።

አንድ ቅዳሜ ንግሥቴ እምብርት ላይ እንዳረፈች ገነነ ከታች ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ውታፊት! ፍጠኚ እንጂ! እንቁላልሽ ተፈልፍሎ ጫጩቱ በእግሩ ገበያ ሊሄድ ነው!»

የሳቀ ሰው ድምፁ አልተሰማም። ሁሉም እንደ ወጉ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ንግሥቴ ግን በብብቷ ሥር ቁልቁል ብታይ የተደረደረው ትከሻ ሁሉ ይርገፈገፋል። የሽማግሌው የአያ ገብረሰንበት ትከሻ እንኳ ጋቢው ሥር ይነቃነቅ ነበር። ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ቢስቁባት ኖሮ ትመልስላቸው ነበር፤ አፍ አላት። ለጀርባ ምን ይባላል?

ወጣች። «ወጥቻለሁ» አለች፤ ሾላው ሥር ሳታርፍም ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገደሉ ጋ አልታየችም።

ዙሪያውን መንገድ ያዘች። ጎረቤቷ ነኝና ዶሮ ሳይጮህ በራፏ ሲከፈት እሰማ ነበር። ወንዙን ወርዳ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ የሀምዱን ጋሪ ትጠብቃለች። ሀምዱ ደግ ሰው ነው፤ ግን ከፈረሱ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ሚስቱ ፈሂማ ከመንገዱ ዳር ሻይ ትሸጣለች፤ ከእሷ ጋር ተግባቡ። አንድ ቀን ፈሂማ፣

«እትዬ ንግሥቴ፣ ዶሮዬ ልትታቀፍ ባዶ ቦታ ላይ ተኝታ አልነሣ ብላኛለች። እኔ ቤት አውራ ዶሮ የለም። ወላሂ፣ አውራ ካለበት ቤት እንቁላል አምጪልኝ፤ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ» አለቻት።

«አመጣልሻለሁ» አለች ንግሥቴ።

እኔ ማታ እሳት ልጭር ስሄድ፣ «መንገዱ እንዴት ነው?» እላታለሁ።

«ደህና ነው።»

«ተመለሺ እንጂ፤ ማን ከለከለሽ?»

«ማን ጠራኝ?» ትለኛለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ሾላው ሥር መቀመጥ ናፍቋታል፤ ሳይጠሯት ደግሞ ብትሞት አትሄድም።

ከዝንጀሮ መውጫ ውታፉ ሲነሣ ምን ሆነ? መጀመሪያ ደስ አለን። ሰው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከዚያ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምር ገባ። «ወጥቻለሁ» የሚል ጠፋ፤ የሚሰማስ ማን አለና! የላይኛው የታችኛውን ጣት ይረግጣል፤ የታችኛው የላይኛውን ነጠላ ይይዛል። ጠጠር ይወርዳል። ፊት ማዞር ቀረ፤ ማን ቀድሞ እንደሚጀምር መጠበቅ አለበታ። ሾላው ሥር የሚቀመጥ የለም፤ የሚጠበቅ ሰው ከሌለ ምን ያስቀምጣል? ኩርፊያውም በዛ። የረገጠና የተረገጠ ገበያ ውስጥ ሰላም አይባባሉም።

አንድ ቅዳሜ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ቅቤ በቅል አንጠልጥለው ይወጣሉ። ገና ቀንዱን ሲጨብጡ ገነነ ከሥራቸው ጀመረ፤ ቸኩሏል። እምብርት ላይ ሲደርስ የድንጋይ መያዣ መስሎት የእማማን ቁርጭምጭሚት ጨበጠ።

«ወዮ፣ እባብ!» አሉ እማማ፤ ተወራጩ። የቅሉ ማንጠልጠያ ተበጠሰ። ቅሉ ድንጋዩን መታና ተሰበረ፤ ቅቤው እንዳለ ገነነ አናት ላይ አረፈ።

ሰው የተረፈው በቅዱሳኑ ነው። እማማ ቀንዱን አልለቀቁም፤ ገነነም የእምብርትን ጠርዝ አልለቀቀም። ግን ፀሐይ ወጥታ ነበርና ቅቤው አልቆየም፤ በግንባሩ፣ በቅንድቡ፣ በአንገቱ ይወርድ ጀመር። እሱ ሁለት እጁ ተይዟል፤ ዓይኑን መጥረግ አይችልም።

«ቀኝ እግርህን ነው ወይስ ግራህን?» አለው ከታች አንዱ።

«ጠርናፊያችን ተሞሸረ!» አለ ሌላው።

እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ወጥተው ጫፉ ላይ ተንበረከኩ። «እንዳትጠርገው! ቅቤዬ ነው! እንዳለ አምጣልኝ!»

ያን ቀን ጀርባውን ሰጥቶ የሳቀ የለም።

ገነነ ከወጣ በኋላ አያ ገብረሰንበት ሾላው ሥር ሰውን ሰበሰቡ። የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ገደሉን የሚወጡት ግን ትንፋሽ እያጠራቸው ነው።

«ቅቤውን ከሚስትህ ቅል ትተካለህ» አሉት። «እሱ ቀላል ነው። እኔ ጉልበቴን የማሳርፈው ያች ሴት ስትወጣ ነበር። አሁን ከኋላዬ ይገፉኛል፣ ከፊቴ ይረግጡኛል። ያስኮረፈ ታርቆ ያምጣት።»

«አያ፣ እናንተም እኮ ስቃችኋል» አለ ገነነ፣ ጆሮውን እየጠረገ።

አያ ገብረሰንበት ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ስቀናል። እኛ ግን ጀርባችንን ሰጥተን ነው» አሉ። ሲሉት ግን መሬት መሬት ያዩ ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ ንግሥቴ እንቁላሏን ስትደረድር አጠገቧ ነበርኩ። ለፈሂማ የሚሆነውን ለብቻው በቀይ ጨርቅ ቋጥራ ከላይ አድርጋዋለች። የቅቤውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነግሬያታለሁ። አጥሩ ጋ ሳል ተሰማ።

«ቤቶች! እንደምን ዋሉ?» ገነነ ነው። አፉ አንቱ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ» አለች፤ ዓይኗን ከእንቁላሉ አላነሣችም።

ደጁ ላይ ተቀመጠ። «እንቁላል ልገዛ ነው።»

«ያንተ ዶሮዎች ምን ሆኑ?»

«አኮረፉ።»

«ወይ ጉድ! ዶሮም ማኩረፍ ጀመረ?» አንድ እንቁላል ብርሃን ላይ አየች፤ ነቀነቀች፤ ድምፅ ሰጠች፤ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። «ምነው ቅቤ ቅቤ ሸተትከኝ? ሠርግ ነበር እንዴ?»

እኔ ጭድ ለማንሣት ጎንበስ አልኩ። ገነነ አንገቱን አከከ።

«የአስፋልቱ መንገድ እንዴት ነው?» አለ።

«ጥሩ ነው። አስፋልት አይናገርም።»

«ድንጋዩም እኮ...» ዋጥ አደረገ። «ጋኑ ፈሰሰ፣ እትዬ ንግሥቴ። ውታፉን ያወለቀው ሰውም አናቱን ተመትቷል። አያ ገብረሰንበት ደክሟቸዋል። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ሌሊት እባብ ያልማሉ አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ከታች እቆማለሁ። ሴቱ ሁሉ ወጥቶ እስኪያበቃ። ፊቴን ወደ ሸለቆው አድርጌ።»

«አፍህንስ ወዴት ታደርገዋለህ?»

ንግሥቴ ያቺን ስትነቀንቅ ድምፅ የሰጠችውን እንቁላል አንስታ ዘረጋችለት። «ያዝ። ለኩርፊያው።»

«ትመጫለሽ... ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ አላልኩም። አልመጣምም አላልኩም።»

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የበራፏን ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልሰማሁም። ረፍዶ እኛ ስንነሣ ተነሣች፤ ቅርጫቷን አዝላ ከእኛ ጋር ሽቅብ ተያያዘችው። ገደሉ ሥር ሰው ሁሉ ሲያያት ማንም ሳያዝ አንድ በአንድ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ። ገነነ ከሁሉም ፊት ቆሞ ነበር፤ እንደ ቃሉ ጀርባውን ሰጥቷል።

በርጩማውን ረገጠች። የድመት ጆሮን ያዘች። እምብርት ላይ አረፈች። ጸሎቷ ከወትሮው ረዘመ ቢባል ማንም አይከራከረኝም። ገነነ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል፤ ግራ እግሩ ግን ለብቻው መሬቱን ይመታ ነበር፤ ግራ፣ ግራ፣ ግራ እያለ። አያ ገብረሰንበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አንዱ እሸት አወጣ። በመረጋገጥ ተኳርፈው የከረሙ ሁለት ጎረቤታሞች ከዚያው እሸት ተካፈሉ።

ብዙ ቆይቶ ከላይ «ወጥቻለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

«አይዞዎት!» አለ ገነነ፤ ያፈነው ሁሉ አንድ ላይ ወጣና ሸለቆው አስተጋባው።

ሾላው ሥር ስንደርስ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የእባቡን ሕልም ከመጀመሪያው ጀምረው ነበር። ንግሥቴ ቅርጫቷን አውርዳ እግሯን ዘርግታ ትሰማለች። ነጠላው ሲፈታ ቀዩ ቋጠሮ ከላይ ብቅ አለ። አየችው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስፋልቱ ከእኛ በስተጀርባ፣ ከሸለቆው ወዲያ ነው።

«ውይ፣ ፈሂማ!» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ እማማ።

«ምንም። ይቀጥሉ፤ እባቡ ከዚያ ምን አለ?»

ቋጠሮውን በጭድ መልሳ ሸፈነችው። የፈሂማ ዶሮ በዚያ ሰዓት ሻይ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ክንፏን ዘርግታ ባዶ መሬት ታቅፋ ነበር።