እትዬ ኤለን በአባታቸው ቤት

በረኪና የነካው ትኩስ አንሶላ ሲሸተኝ ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንኖር፣ እናቴ እዚያው አቅራቢያ በምትገኘው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ዳርቻ ባለ ሆቴል መኝታ ክፍሎች ታጸዳ ነበር። ቅዳሜ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ይዛኝ ትሄዳለች። አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች፤ አርፎ መቀመጥ ግን አልፈጠረብኝም።

ሆቴሉ ድሮ የአንድ ባለርስት ቤት ነበር። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ታሪኩን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ፦ ትምባሆ አምራቹ ባለርስት ቤቱን እንዳሠራ፣ የልጅ ልጆቹ መሬቱን እየሸነሸኑ እንደሸጡት፣ በመጨረሻም በየመኝታ ቤቱ በር ላይ ቁጥር ተለጥፎ ሆቴል እንደሆነ። እናቴ ምንጣፍ የምትጠርግበትን ቫኪዩም አጥፍታ ትሰማና «ጡቡንስ ማን ደረደረው?» ትላለች። እሱ አልተጻፈም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከዚያ ጽሑፍ ፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። ስማቸው ኤለን ነው፤ እትዬን የጨመረችላቸው እናቴ ናት። የመጨረሻዎቹ ባለቤቶች ልጅ ነበሩ፤ እዚያው ቤት ተወልደው ዛሬ እንደ ማንም ከፍለው ሊያድሩበት መጥተዋል። የልጅነት መኝታ ቤታቸውን ለማየት ቢጠይቁ፣ ሌላ እንግዳ ይዞታልና አይቻልም ተባሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። የእሷም አባት ቤት በደርግ ጊዜ ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ቀርቷል።

እንግዳው ቁርስ ላይ ነበር። እናቴ ቁልፏን አውጥታ በሩን ከፈተችው። ይህ ከሥራ እንደሚያስባርር አውቅ ስለነበር ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት።

«ማሚ፣ ፋየር ያደርጉሻል!»

«ዝም በይ! ሰው በአባቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል እንዴ? ይግቡ በያቸው።»

እትዬ ኤለን ገብተው መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። «አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ቋንቋቸውን በቅጡ የማታውቀው እናቴም አብራቸው አለቀሰች። ሱፐርቫይዘሯ የደረሰችብን እንዲሁ እንዳሉ ነው። አሮጊቷ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ቢለምኑላት ከመባረር ተረፈች፤ ግን ምድር ቤት፣ አንሶላ ወደሚታጠብበት ላውንደሪ ወረደች። ያን ክረምት እጇ በሙቅ ውኃና በበረኪና ተላጠ። ለማናውቃቸው ሴትዮ ብላ ነው እያልኩ ተናደድኩባት፤ አዎ፣ አፈርኩባትም። እሷ ግን አንድም ቀን ስትጸጸት አልሰማኋትም።

ባለፈው ዓመት ያደግንበትን አፓርትመንት ለልጆቼ ላሳያቸው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰድኳቸው። ሕንፃው ታድሷል፣ ስሙም ተቀይሯል። መግቢያው ላይ ያለው ወጣት «ሶሪ፣ ነዋሪ ካልሆኑ ማስገባት አልችልም» አለኝ፣ በትሕትና። ልጁ ሥራው ነው፤ አልፈረድኩበትም። ግን እግሬ አልነቃነቅ አለኝ፤ ልጆቼ እጄን እየጎተቱ «ማሚ፣ እንሂድ» ይሉኛል። ቁልፉ በእኔ እጅ ቢሆን ለማላውቃት ሴት እከፍት ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የምከፍት አይመስለኝም። እናቴ ግን ከፈተች።