ሽማግሌዎቼ ቻይና ታውን የሄዱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት፣ አብሮኝ የሚያስተምር ናሆም የሚባል ወጣት ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ጠበቀኝና የጫማውን ጫፍ እያየ፣ «ቲቸር፣ ሽማግሌ ሆነህ ትሄድልኛለህ?» አለኝ። ሣቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላኝም።

«ሽማግሌ አልቆ ነው?» ስለው፣

«ሁለት አግኝቻለሁ። ሦስተኛው ጠፋ። ሶ... ትዳር ያለው ከሆነ ይበቃል አሉኝ» አለ።

እሺ አልኩት። ከዚያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ጎዳና ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ በምግብ ቤቶቹ መስኮት ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩትን ሰዎች እያየሁ ሳልፍ፣ ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ። የሄደው የቻይኖቹ ሰፈር፣ ቻይና ታውን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ሥራዬም ልማዴም ማስረዳት ነው። በእኛ ወግ ልጅ የምትጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ አባትየው ዘንድ ሄደው ቆመው ይናገራሉ። ተቀመጡ ቢባሉም «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው እንደ ቆሙ ይቀራሉ። አባትም ወዲያው እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እነሱም ሄደው እንደገና ይመጣሉ። ሽማግሌ ወንበር ላይ ቁጭ አለ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

ያኔ ገና ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ክሬንሾው ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሌላ መምህር ሲታመም እየተጠራሁ አስተምራለሁ። ሂሩትን ያወቅኋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከፋሲካ በኋላ ለነርስነት ትምህርት ወደ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነበር፤ አባቷ ደግሞ ሳንጋባ አብረን እንድንሄድ የሚፈቅዱ ሰው አልነበሩም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ በጾም ሠርግ የለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቃል ካልተሰጠኝ ለፋሲካ ማግስት ሠርግ አይደርስም፣ እሷም ብቻዋን ትሄዳለች። ሂሩት ሳትደብቅ ነግራኛለች፦ «አባዬ እምቢ ካለ ከእሱ አልጣላም፣ ቢኒ። ይሄን ከአሁኑ እወቀው።» አባቷ ጋሼ ሰይፉ ከእኔ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን ሁለቴ መልሰዋል።

ጋሼ ሰይፉ ታክሲ ነጂ ናቸው። ሽማግሌ ልልክ መሆኑን ሲሰሙ በሂሩት በኩል የመጣው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ቤቴ አይምጡ። ፌርፋክስም አይሆንም። ፌርፋክስ ላይ ሦስት ሰው ሱፍ ለብሶ አብሮ ከታየ፣ ከሰዓት በኋላ ሠርጉ መቼ ነው ይባላል። ቅዳሜ ቻይና ታውን ምሳ የምበላበት ቤት ይምጡ።» ቤቱ ከባቡር ጣቢያው፣ ታክሲያቸውን ይዘው ተራ ከሚጠብቁበት ቦታ፣ ሩቅ አይደለም።

እኔ በቦታው መገኘት አልነበረብኝም። ግን ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱም ወደዚያ መንዳት አልፈለገም። ስለዚህ የእናቴን መኪና ይዤ የገዛ ሽማግሌዎቼን ራሴ ጫንኩ። ከፊት የተቀመጡት ዋናው ተናጋሪ ጋሼ ወርቁ ነበሩ፤ ሚድ ዊልሻየር መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ የሟቹ አባቴ ወዳጅ። መንገዱን ሙሉ አላስቀመጡኝም።

«በእኛ ጊዜ ጠያቂው ቤቱ ተሸሽጎ ነው ወሬ የሚጠብቀው። አንተ ደግሞ ድራይቭ ታደርጋለህ!»

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ እርስዎ ፍሪዌይ አልነዳም አሉ።»

«አልነዳም። ካባውንም አንተው ትይዝልን ይሆን?»

ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሣቁ። ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ አየሩ ታጥቦ ነበር። በስተ ሰሜን ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ላይ በረዶ ይዘው፣ አንድ ሰው ሌሊት አምጥቶ ያቆማቸው ይመስል በጣም ቀርበው ይታያሉ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጠዋት በዓመት ጥቂት ነው፤ ሲመጣ ሁሉ ነገር የሚቻል ይመስላል።

ከሰፈሩ መግቢያ፣ ከቀዩ ቅስት በር አጠገብ አወረድኳቸው። የቻይኖቹ አዲስ ዓመት ሰሞን ስለነበር ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ቀይ ፋኖስ ተወጥሮ በነፋስ ይወዛወዛል። ጋሼ ወርቁ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ «አንተ አሁን ጥፋ። ፓርክ አድርግና ዙር፤ ሰው አገር ነው፣ ጎብኝ። በመስኮት ስታጮልቅ እንዳላይህ!» አሉኝ።

ዞርኩ። ገበያው ውስጥ በየደጁ ብርቱካን እንኳ የማታህል፣ አውራ ጣት የምታክል ቢጫ ፍሬ ያንዠረገጉ ትንንሽ ዛፎች በማሰሮ ተደርድረዋል። አንዱ ሱቅ ውስጥ የደረቀ እንጉዳይ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ እጅና እግር ያለው ሰው የሚመስል ሥር በትልልቅ ብልቃጥ ይሸጣል። ሽታው ከመድኃኒት ቤትና ከበርበሬ መደብ የተቀላቀለ ነው። ሌላው ዘንድ ዓሦች በመስታወት ገንዳ ውስጥ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አሁን ምን እየተባለ ይሆን? ልጃችን ምግባሩ የታረመ ነው ብለው ይሆን? ሥራው ምንድን ነው ሲባሉስ ምን አሉ? ዓሦቹ ብዙ የሚያወሩ ይመስላሉ፤ አንድም ድምፅ የለም።

ጥግ ላይ ትንሽ ቤተ መቅደስ አገኘሁ። በሩ ቀይ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ወደ ሰማይ የተቀለበሰ። ደጁ ስደርስ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩና ከደረጃው ጥግ አስቀምጬ በካልሲ ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። የባሕር መንገደኞችን ትጠብቃለች የምትባል አምላካቸው በወርቅ ቀለም ተቀብታ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ብርቱካን በሳህን ተቆልሏል። ሹራብ የለበሱ ጠባቂ ሽማግሌ እግሬን አዩ፣ የራሳቸውን ጫማ አዩ፣ ከዚያ የሌሎቹን ጎብኚዎች ጫማ በጣታቸው አሳዩኝ። ጫማውን ያወለቀ እኔ ብቻ ነኝ።

«በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በቀርከሃ ጽዋ የተሞሉ ቀጫጭን እንጨቶች አንሥተው አቀረቡልኝ። ሰው ጥያቄውን በልቡ ይዞ ጽዋውን ይነቀንቃል፤ የምትወድቀው እንጨት መልሱን ትናገራለች። እጄ ሊዘረጋ ቃጣው። ግን መልሱ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር፤ ከሌላ ቦታ ቀድሜ ልሰማው አልደፈርኩም። አመስግኜ ወጣሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ የተባልኩትንም ጥሼ ወደ ምግብ ቤቱ መስኮት ሄድኩ።

መስታወቱ በእንፋሎት ደብዝዟል። ቢሆንም አየኋቸው። አዳራሹ በተመጋቢ ተሞልቷል፤ መሀል ላይ፣ በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎቼ ሱፋቸውን እንደለበሱ ተገትረዋል። ጋሼ ሰይፉም ለአክብሮት ቆመዋል። ምግብ በባለጎማ ጋሪ እየገፋች የምታድል አንዲት አሮጊት ማለፊያ አጥታ ከኋላቸው ቆማለች፤ ከእሷም ኋላ ሌላ ጋሪ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። አሮጊቷ ወንበሩን ታሳያለች፤ ጋሼ ወርቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አይሆንም ይላሉ። እንደገና ታሳያለች፤ እንደገና አይሆንም። ጋሼ ሰይፉ ፊታቸው ምንም አይነበብበትም። ስለዚያ ፊት ሂሩት ነግራኛለች፤ ሁለቱን ጊዜ ሽማግሌ የመለሰው ያ ፊት ነው።

በዚህ ጊዜ አሮጊቷ ትዕግሥቷ አለቀ። ወንበሩን ብድግ አድርጋ ከጋሼ ወርቁ ጉልበት ኋላ ገፋችው። ጋሼ ወርቁ ተቀመጡ።

ሊነሡ ሞከሩ። ትከሻቸውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ከጋሪዋ ላይ የቀርከሃ ክዳን ያላቸውን ሳህኖች ፊታቸው ትደረድር ጀመር። የቀሩት ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ተናጋሪው ተቀምጦ እነሱ ምን ይሁኑ? እኔ ውጭ እጄን መስታወቱ ላይ አድርጌ አያለሁ። ጋሼ ሰይፉ ጋሼ ወርቁን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሣቁ ነበር። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ፣ ሁለቱንም በእጃቸው ተቀመጡ አሉ፣ ቀና ሲሉም አዩኝ።

«ና ግባ!» አሉ በሩን ከፍተው። «ሰው ሠርጉን በመስኮት ያያል እንዴ?»

ገባሁና ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ። ጋሼ ወርቁ አሁንም አልተጽናኑም። «አቶ ሰይፉ፣ ይሄ በግድ ነው፤ አይቆጠርም። ወጉ ይጠበቅ፣ ልነሣ» ይላሉ።

«ተቀምጠዋል፣ ተቀምጠዋል። እዚህ ቤት ቆሞ መከራከር አይቻልም፤ እኔም ሞክሬው አላዋጣኝም። ይብሉ፣ ጎመን ነው ውስጡ፤ የማንበላውን አሮጊቷ እዚህ ጠረጴዛ አታመጣም።»

በስስ ሊጥ የተጠቀለለው ጎመን ትኩስ ነበር፤ ምላሴን አቃጠለኝ፣ ዝንጅብሉ ዓይኔን አስነባው። ዝንጅብሉ ነው ብያቸዋለሁ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ደጋግሜ ጠየቅኩ፦ «ጋሼ ወርቁ፣ ስለ እኔ ምን ብለው ነበር?» ክሬንሾው ደርሰን ሌሎቹ ሲወርዱ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታጋሽ ነው አልን። ቤት ያቆማል፣ ሰው አያስቀይምም፣ የሚያውቀውን አይሰስትም አልን።»

«እኔ? ገና ሥራ እንኳ በደንብ አልያዝኩም እኮ።»

«የሆንከውንማ ብንነግራቸው ማን ይሰጥሃል? የምትሆነውን ነው የነገርናቸው። በል እንግዲህ» ብለው በሩን ዘጉ።

ከሂሩት ጋር ተጋባን፣ ሄድን፣ ከዓመታት በኋላም ወደዚሁ ከተማ ተመለስን። ጋሼ ወርቁ አሁን የሉም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በተቆጣሁ ቁጥር፣ ወይም ቤት ውስጥ ደክሞኝ ዝም ባልኩ ቁጥር፣ ታጋሽ ነው ብሎ የቆመልኝ ሰው ትዝ ይለኛል። ያን ቃል እሳቸው ተናገሩት እንጂ ሠርቼ የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ ገና አልጨረስኩም።

የፊታችን እሑድ ለናሆም ቫን ናይስ፣ የልጅቷ አባት ዘንድ እንሄዳለን። ናሆም ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ይረፍድበታል፣ ይረሳል፣ ስልክ አያነሣም። ትናንት ሂሩት «ታዲያ ስለሱ ምን ልትል ነው?» አለችኝ።

«ሰዓት ያከብራል እላለሁ።»

ሣቀችብኝ። እኔ ግን ከልቤ ነው። እሑድ ከዚያች ልጅ አባት ፊት ለፊት ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰዓት ያከብራል እላለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ማክበር የእሱ ፈንታ ነው።