የባሌን ተረከዝ የመታው ማን ነው?

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ፣ ሊነጋጋ ሲል

ዳኜ እኔ ጠርቼው ታክሲውን ደጃችን አቁሞ ከመሪው አልተነሳም። ባሌ ጌታቸው እኔን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣና መኪናውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ከሱ ጋር አልሄድም!»

«ታዲያ በዚህ እግርህ የማታቱ ሚኒባስ ላይ ልትንጠለጠል ነው? ግባ!» አልኩት። እያጉረመረመ ከኋላ ገባ፤ እኔ ከፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ አበሾቹ ኳስ ሲጫወቱ፣ ጌታቸው ሊሮጥ ሲል ከተረከዙ በላይ ጧ አለበትና ወደቀ። ዞር ሲል ከኋላው ያለው ዳኜ ነው። «በጫማው መታኝ!» አለ። ዳኜ የልጃችን የክርስትና አባት ነው፤ «በልጃችን ይሁንብኝ፣ አልነካሁህም» ብሎ ማለ። የኔው ጉድ ግን «ከእንግዲህ አበልጄ አይደለህም፣ ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎት አረፈ።

ቲካ መንገድ

የመኪናው ጃም ገና በጠዋቱ ተቆላልፏል። ማታቱዎቹ ሙዚቃቸውን እያስጮኹ የእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣሉ። ሙዝ፣ ኦቾሎኒ፣ የሞባይል ካርድ በመስኮት ይመጣል። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጌታቸው ያቃስታል፤ ዳኜ በመስታወት ያየዋል።

«ፖሌ፣ አይዞህ» አለው በመጨረሻ፣ እንደ ኬንያዎቹ።

«ሆን ብለህ ነው ጉድጓድ የምትመርጠው?»

ዳኜ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ይሄ ባሌ ልጄን የክርስትና አባት ሊያሳጣው ነው።

ላቪንግተን፣ ረፋዱ ላይ

ጸጥ ያለ የሐኪም ቤት ግቢ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ የሚያንሸራትት ወለል። ዳኜ መኪናው ውስጥ ቀረ። ኬንያዊቷ ሐኪም ጌታቸውን በሆዱ አስተኝታ የደህናውን እግር ባት ጨመቀች፤ እግሩ ነቅነቅ አለ። የታመመውን ጨመቀች፤ ዝም። ደገመች፤ ዝም።

«እስካሁን ምን ስታደርጉለት ነበር?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ወጌሻ በቅቤ አሸው።»

«ቅቤ!» ዓይኗን ጨፈነች። «የተበጠሰ ጅማት ታሽቶ አይቀጠልም፤ ጭራሽ ይራራቃል።» ወደሱ ዞረች። «ጠዋት ስትነሳ ተረከዝህን ይይዝህ ነበር?»

«ለወራት። ሱቅ ተቀምጬ ስለምውል ነው ብዬ፣ እሑድ እሑድ ኳሴን እጫወት ነበር።»

«ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ትቀመጣለህ፤ እሑድ ሰውነትህን ሳታፍታታ ትሮጣለህ። ጅማቱ አስጠንቅቆህ ነበር።»

«ሰው መትቶኝ ነው» አለ እንደተደፋ።

«ሲመታህ አየኸው?»

«ስዞር... ከኋላዬ ነበር።»

«ይሄ ጅማት ሲበጠስ ሰው የመታህ ነው የሚመስልህ። እዚህ የሚመጡት ብዙዎቹ መቺ ይፈልጋሉ። መቺ የለም።»

ጌታቸው ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። ሐኪሟ የእግሩን ጣቶች ቁልቁል አድርጋ በጄሶ ጠቀለለችው። እንዳይረግጥበት አስጠንቅቃ ክራንች ሰጠችው፤ ጅማቱ እንዲህ ካልተያያዘ ኦፕራሲዮን ነው አለች።

መልስ ጉዞ

ሐኪሟ ያለችውን ለዳኜ አልነገርኩትም። እኔ ከተናገርኩት የኔ ይቅርታ ይሆናል። ጌታቸው በመስኮት ያያል። ዳኜን አውቀዋለሁ፣ ኩሩ ነው፤ ዛሬ እንዲሁ አውርዶን ከሄደ አይመለስም። ካሳራኒ እስክንደርስ ጌታቸውን ደጋግሜ ዞሬ አየሁት።

ደጃችን

ዳኜ በሩን ከፈተ፣ ክራንቹን አቀበለውና ሊሄድ ዞረ።

«አንቺ፣» አለኝ ጌታቸው፣ «እዚያች ጋ ያለችውን ድንጋይ አንሺልኝ።»

አንስቼ እንደ አገራችን የይቅርታ ወግ ማጅራቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ክራንቹ ላይ ጎንበስ አለ። የፎቁ ዘበኛ አፉን ከፍቶ ያያል።

«ዳኜ፣ የመታኝ ሰው የለም። ሐኪሟ ነገረችኝ። ይቅር በለኝ፣ አበልጄ።»

ዳኜ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። መጥቶ ጀርባውን ሰጠውና ቁጢጥ አለ።

«ድንጋዩን ጣልና ታዘል» አለ። «ሁለታችሁን አልችልም።»